ማዘዣው በኮምፒውተር ሆኖም ሲሳሳት፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ስሠራ፣ አንድ በእጅ የተጻፈ ማዘዣ ለማንበብ ሦስት ሆነን የተሰበሰብንበት ቀን ነበር። ነፍሰ ጡሯ ከሰቃ መጥታ መስኮቱ ላይ ትጠብቃለች። እኛ «ሃይድራላዚን ነው ወይስ ሃይድሮክሲዚን?» እንባባላለን። የመጀመሪያው የደም ግፊት ያወርዳል፣ ሁለተኛው ለማሳከክ ነው። ሐኪሙን በስልክ አገኘነው። ባናገኘውስ?

ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ኮምፒውተር ትልቅ መድኅን ነው። ቦስተን ውስጥ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 1998 የታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች በኮምፒውተር ማዘዝ ሲጀምሩ ከባድ የመድኃኒት ስህተት በ55 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሁሉም አልጠፋም ማለት ነው። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ አዲስ ስህተት ይዞ ይመጣል።

የሕፃኑ መጠን በዝቶ ወጣ

መጀመሪያ የልደት ዓመቱን ተመልከቱ። እናት የምትናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሲስተሙ በፈረንጆቹ የሚያስብ ከሆነና ካርድ ክፍል የነገረቻቸውን እንዳለ ካስገቡት፣ ልጁ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመራል። የ4 ዓመት ልጅ 12 ሆነ ማለት ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ከ150 እስከ 225 ሚሊግራም ነው የሚሰጠው። በ12 ዓመት ሒሳብ ግን 500 ሊታዘዝለት ይችላል። ማዘዣው ደግሞ በጥሩ ፊደል ስለታተመ ማንም አይጠረጥረውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

መፍትሄው፦ ካርድ ክፍል ያለው ቅጽ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቅ። ለልጆች ደግሞ በዕለቱ የተመዘነ ክብደት ካልገባ ማዘዣው እንዳይወጣ ይደረግ። ፋርማሲስቱም መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት ልጁን ቀና ብሎ ይየው።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ወረቀቱ ላይ «8:00» ካለ፣ ታካሚው የሚረዳው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት ሊወጋ የሚገባው ኢንሱሊን ለከሰዓት ይዘዋወራል። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ በእጅ ጻፉለት፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ እሱ በሚያነበው።

በሳምንት አንዴ የሚወሰደው በየቀኑ ተባለ

ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። ከዝርዝሩ «በየቀኑ» የሚለው በስህተት ከተነካ ሰው ሊገድል ይችላል። ሲስተሙ ለዚህ መድኃኒት ከ«በሳምንት አንዴ» ውጭ ያለውን ምርጫ ዝም ብሎ አይቀበል። የሚወሰድበት ቀንም በስሙ ይጻፍ፦ ሰኞ።

ሐኪሙ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ያልፈዋል

ማስጠንቀቂያው ስለበዛ ነው። ለጥቃቅኑም ለከባዱም እኩል ከጮኸ ጆሮ ይለምደዋል። የሚያስቆሙት ጥቂት ይሁኑ፣ ለምሳሌ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪንና ፀረ-ባክቴሪያው ኮትሪሞክሳዞል አብረው ሲታዘዙ። ያ ጥምረት ደም ያፈሳል።

ታካሚው «ከውጭ ይግዙ» እየተባለ ይንከራተታል

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2017 የመድኃኒት ስህተት ዓለምን በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣ ገምቷል። እኛ ጋ ወጪው የሚታየው ከአጋሮ በመጣ ሰው ኪስ ነው። መድኃኒቱ የለም ይባላል፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል፣ መሽቶበት ያድራል፣ ጠዋት ተመልሶ ማዘዣ ያስቀይራል። ምክንያቱ ሐኪሙ በፋርማሲው ስቶክ (ክምችት) ውስጥ ያለውን አለማየቱ ነው። የፋርማሲው ስቶክ ከማዘዣው ገጽ ጋር ይገናኝ። መድኃኒቱ በፋብሪካው የንግድ ስም ሳይሆን በጀነሪክ ስሙ፣ ማለትም በራሱ በመድኃኒቱ መጠሪያ ይታዘዝ፣ ርካሹም አማራጭ ከላይ ይቀመጥ።

«ሲስተም የለም»

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። በወረቀት ይታዘዛል፣ ይሄ ችግር የለውም። ችግሩ ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ነው። በማግስቱ ሌላ ሐኪም የትናንቱን አያይም፣ ያንኑ መድኃኒት ይደግመዋል። በየተራው አንድ ሰው ይመደብ። መብራት ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው እነዚያን ወረቀቶች ማስገባት ይሁን፣ ያስገባውንም እየፈረመ ለተረኛው ያስረክብ።