«ሰውነቱ መድኃኒቱን ለመደው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ካንሰር ሕዋስ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኬሞቴራፒ መሥራቱን ሲያቆም ቀድሞ የሚሰማው «ሰውነቱ መድኃኒቱን ለመደው» የሚል ቃል ነው። ይህ አባባል ቢቀር እመርጣለሁ፤ ታማሚው የገዛ ሰውነቱ የከዳው እንዲመስለው ያደርጋልና። መድኃኒቱን የተቋቋሙት የካንሰር ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ሁሉም አይደሉም። በአንድ ዕጢ ውስጥ ጥቂት ሕዋሳት መድኃኒት ወደ ውጭ የሚያስወጡ፣ እንደ ፓምፕ የሚሠሩ አጓጓዥ ፕሮቲኖችን በሽፋናቸው ላይ በብዛት ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ሕክምናው ሌሎቹን ሲገድል እነዚህ ተርፈው ይራባሉ። እርግጥ ነው፣ መድኃኒቱ ራሱም የፕሮቲኑን ምርት የሚያነሣሣበት ጊዜ አለ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ፕሮቲኑን የካንሰር ፈጠራ አድርጎ ማየት ነው። ከእነዚህ አጓጓዦች በጣም የታወቀው ፒ-ግላይኮፕሮቲን ነው። ሩዶልፍ ጁሊያኖ እና ቪክተር ሊንግ በ1976 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ኮልቺሲን የተባለውን መርዝ በተቋቋሙ የሃምስተር (አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ) ሕዋሳት ላይ አግኝተውት ነው። በኋላ ሲፈለግ በጤናማ ሰው አንጀት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ እንዲሁም አንጎልን በሚጠብቁት የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተገኘ። ሥራው መርዝን መመለስ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል፤ ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የሌላቸው አይጦች ለቆዳ ተባይ አይቨርሜክቲን ሲረጭባቸው ሞቱ። ጂኑ ያላቸው ያለ ጉዳት የሚችሉት መድኃኒት አንጎላቸው ውስጥ ተከማችቶ ነበር። የካንሰር ሕዋስ እንግዲህ የሰውነትን የጥበቃ መሣሪያ ለራሱ ያዋለ ሕዋስ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው «ታዲያ ፓምፑን ማገድ ነዋ!» ይላል። ሐሳቡ የሞኝ አይደለም፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ቬራፓሚል የተባለው የልብ መድኃኒት፣ ቪንክሪስቲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ተቋቁመው የነበሩ የካንሰር ሕዋሳትን በላቦራቶሪ እንደገና በመድኃኒቱ እንዲጠቁ አድርጓል። በሰው ላይ ግን ፓምፑን ለማገድ የሚያስፈልገው መጠን ልብን የሚጎዳ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ቫልስፖዳር የተባለው የፓምፕ ማገጃም ኬሞቴራፒው ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ስለቀነሰ የኬሞቴራፒውን መጠን መቀነስ ግድ ሆነ። ጤናማው አካል በዚያው ፓምፕ ስለሚጠቀም፣ ማገጃው ዕጢውን ብቻ መርጦ አይነካም።

ፓምፑ መድኃኒትን ሁሉ ይተፋል ማለትም ልክ አይደለም። ፒ-ግላይኮፕሮቲን በብዛት የሚይዘው ስብ ወዳድ የሆኑትን፣ በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ሰርገው የሚያልፉትን ነው፤ ዶክሶሩቢሲን፣ ቪንክሪስቲን እና ፓክሊታክሴል ከእነዚህ ይመደባሉ። ገና ሽፋኑን ሲያቋርጡ ይይዝና በኤቲፒ (ሕዋሱ ለሥራው ኃይል በሚያገኝበት ሞለኪውል) ጉልበት ወደ ውጭ ይመልሳቸዋል። እነዚህ መድኃኒቶች በኬሚካዊ ቅርጻቸው ባይመሳሰሉም አንዱን የተቋቋመ ሕዋስ ሌሎቹንም የሚቋቋመው ለዚህ ነው። ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ግን ይህ ፕሮቲን አያስወጣውም፤ ሕዋሱ እሱን የሚቋቋምባቸው መንገዶች ሌሎች ናቸው።

መውጫውን ብቻ አይቶ መግቢያውን መርሳትም አለ። ሜቶትሬክሴት የተባለው የካንሰር መድኃኒት ወደ ሕዋስ የሚገባው በዋናነት ፎሌት የተባለውን ቪታሚን በሚያስገባ አጓጓዥ በኩል ነው። ያ አጓጓዥ ከቀነሰ ወይም ከተበላሸ፣ አንድም ፓምፕ ሳይጨመር ሕዋሱ መድኃኒቱን ይቋቋማል።

ለተመራማሪዎች ደግሞ፦ የጂኑ መልእክት (ፕሮቲኑ እንዲሠራ ትዕዛዙን የሚያደርሰው አር.ኤን.ኤ.) በብዛት ተገኘ ማለት ፕሮቲኑ በሽፋኑ ላይ ቆሞ እየሠራ ነው ማለት አይደለም። መድኃኒቱ በሕዋሱ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ መለካት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ለታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው። ቬራፓሚል በላቦራቶሪ ሠርቷል ተብሎ በራስ ፈቃድ ከኬሞቴራፒ ጋር አይወሰድም። «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» ማለትም ያሳስታል፤ ለድብርት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ተክል የፒ-ግላይኮፕሮቲንንና መድኃኒት የሚሰባብሩ የጉበት ኢንዛይሞችን ምርት ስለሚጨምር፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች በደም ውስጥ እንዲያንሱ ያደርጋል። የሚወሰድ ነገር ሁሉ፣ ሻይም ይሁን ክኒን፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ በስሙ ይነገር።