ቁምሳጥን ሲያቀሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቁምሳጥኑ በር በጉልበት ካልተገፋ አልዘጋ ካለ፣ ልብስ የሚቀነስበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። ብዙዎቻችን እንጀምረዋለን። ከወር በኋላ ግን በሩ እንደገና አልዘጋ ይላል። ከማያቸው ምክንያቶች ትልቁ ለሌላ አገር ኑሮ የተጻፈን ምክር እንዳለ መቀበል ነው። እኛ የምናጥብበት፣ የምንለብስበትና የምንሰጥበት መንገድ የራሱ ሥርዓት አለው።

ሳጥንና መስቀያ በመግዛት መጀመር

ፕላስቲክ ሳጥን፣ ተጨማሪ መስቀያ፣ አልጋ ሥር የሚገባ ቦርሳ። እነዚህ ለማይለበስ ልብስ መደበቂያ ይሆናሉ እንጂ ልብስ አይቀንሱም። መጀመሪያ ይቀንሱ። የቀረውን ሲያዩ የሚገዛ ነገር ላይኖር ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አልጋ ላይ መዘርገፍ

ከሰዓት በኋላ የተጀመረ ሥራ እስከ ማታ አያልቅም። መተኛ ቦታ ስለሚያስፈልግ ክምሩ ተጠቅልሎ ወደነበረበት ይመለሳል። ዛሬ ሹራብ ብቻ፣ ቅዳሜ ሱሪ ብቻ ቢሉ ይሻላል። አንዱን ዓይነት ብቻ ጎን ለጎን ሲደረድሩ፣ አራት ጥቁር ሹራብ እያለዎት የሚለብሱት አንዱን ብቻ እንደሆነ ወዲያው ይታይዎታል።

«ዓመት ሙሉ ካልለበሱት ይውጣ»

ይህ ምክር ለጂንስና ለቲሸርት ይሠራል። ለሐበሻ ቀሚስ ግን አይሠራም። የሐበሻ ቀሚስ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ወይም ለሰርግ ነው የሚወጣው፤ ቤቱ ሐዘን የገባበት ዓመት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። የለቅሶ ጥቁር ልብስም እንዲሁ ነው። ማንም ሊለብሰው አይመኝም፤ መርዶ በመጣ ሰዓት ግን መኖር አለበት። ወፍራም ጃኬትንም በመጋቢት ሙቀት አይፍረዱበት። ለእነዚህ ልብሶች ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ነገ ጠዋት ብጠራ ይህን ለብሼ እወጣለሁ? ልኬ ነው? ጥለቱ ደህና ነው?

የሐበሻ ልብስ ይቆይ ካሉ አቀማመጡ ላይ ይጠንቀቁ። ብዙ ቆንጆ ቀሚስ የሚበላሸው ሳይለበስ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ክረምቱን ካለፈ ነጩ ይወይባል፣ ሻጋታም ይይዘዋል። በንጹሕ አሮጌ አንሶላ ጠቅልለው ያስቀምጡት። ሁልጊዜ በአንድ መስመር አይጠፉት፤ በተለይ ጥለቱ የሚያብለጨልጭ ክር ካለው እጥፋቱ ላይ እየሳሳ ይበጠሳል። አልፎ አልፎ አውጥተው አናፍሰው በሌላ በኩል ይጠፉት። ልክ ያልሆነውን ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሄደው አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ለልብስ ሰፊ ያሳዩት። ከአዋቂ ቀሚስ የልጅ ቀሚስ ይወጣል።

ውሃና ዝናብን ሳያስቡ ቁጥር መወሰን

«ለአንድ ሰው ሠላሳ ልብስ ይበቃል» የሚለው ምክር የተጻፈው ቤቱ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽን ላለው ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ስሌቱ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ገመድ ላይ የተሰጣ ጂንስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በውስጥ ልብስ፣ በካልሲና በሥራ ሸሚዝ ላይ አይጨክኑ። ውሃ በሰፈርዎ ለስንት ቀን ነው የሚጠፋው? በዚያ ላይ ሁለት ሦስት የማድረቂያ ቀን ይጨምሩ። ውሃ በሳምንት አንዴ ከሆነ የሚመጣው፣ ለ10 ቀን የሚበቃ መቀየሪያ ቢኖርዎ ብዙ አይባልም። ጭካኔውን ለድግግሞሹ ያቆዩት፤ ለአምስተኛው ሰማያዊ ጂንስ።

«ክብደት ስቀንስ እለብሰዋለሁ»

ከዚህ ዓይነቱ በጣም የሚወዱትን አንዱን ያስቀሩ፣ ሌላው ይሂድ። ከመወሰንዎ በፊት ግን ልብሱን ገልብጠው ስፌቱን ይዩ። ከስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ ካለ ሰፊው ሊያሰፋው ይችላል። በቅርብ የወለደች እናት ከሆነች ደግሞ ውሳኔውን ታቆየው። ሰውነቷ ገና ቦታው አልተመለሰም።

ስጦታ ስለሆነ ብቻ ማስቀመጥ

እህት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ስትመጣ፣ ከ23 ኪሎው ሻንጣዋ ላይ ለራሷ ቦታ ቀንሳ ያመጣችው ጫማ ነው። ቢጠብም እንኳ መስጠት ይከብዳል። ይሉኝታው ይገባኛል። ነገር ግን ጫማው ካርቶን ውስጥ ሲያረጅ ከምታይ፣ የአክስቷ ልጅ እግር ላይ ብታየው ደስ የሚላት ይመስለኛል። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የጫማና የሱሪ ቁጥርዎን አስቀድመው ይላኩላት።

ያረጀውን ሁሉ «የቤት ልብስ» ማለትም የተለመደ ነው። የቤት ልብስ ሦስት አራት ይበቃል። የባልን ጃኬት ወይም የእናትን ጋቢ ሳይጠይቁ ማውጣት ደግሞ ጠብ ያመጣል። የሟች ልብስ ከሆነማ ቤተሰብ ሳይመክርበት አይነካም።

የማይሰጥ ነገር መስጠት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። ዚፑ የተበላሸ፣ ላብ የጠጣ፣ ብብቱ የተቀደደ ልብስ በፌስታል ጠቅጥቆ ለቤት ሠራተኛዋ «ውሰጂው» ማለት እርዳታ ሊባል አይችልም። ቆሻሻ የመጣሉን ሥራ እሷ ላይ መጫን ነው። ሊሰጡ ካሰቡ ይጠቡት፣ የወለቀውን ቁልፍ ይትከሉ፣ ይተኩሱት። ኪሱን አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ መታወቂያም ብርም ይረሳል። ጫማውን እንዳይጠፋፋ ጥንድ ጥንዱን በማሰሪያው ያያይዙት። ከዚያ «ይሆንሻል? ካልሆነሽ ተዪው» ይበሏት፤ እንቢ የማለት መብቷን ይጠብቁላት።

እንደ ሜቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከላትም ልብስ ይቀበላሉ። ደውለው አሁን የሚፈልጉትን ቢጠይቁ ጥሩ ነው። ያለቀለት ጥጥ ለመወልወያ ይሆናል። የተረፈውን ልዋጭ የሚሉት ይወስዱታል፤ በምትኩ የሚሰጥዎትን ጎድጓዳ ሳህን ግን የሚያስፈልግዎ ከሆነ ብቻ ይቀበሉ።

የተለየውን ልብስ ኮሪደር ላይ ማሳደር

አንድ ሳምንት በር ሥር የቆየ ፌስታል መከፈት ይጀምራል። «ይቺ እንኳን ትቅር» እየተባለ ግማሹ ይመለሳል። ስለዚህ ልብሱን ሲለዩ ተቀባዩን አብረው ይወስኑ፤ በየፌስታሉ ላይ ስም ይጻፉበት። ገጠር ላለ ዘመድ የሚሄድ ከሆነ መንገደኛ አስቀድመው ያፈላልጉ። ወፍራም ሹራብና ጋቢ ካለበት ሰኔ ሳይገባ ይድረስ፤ ተቀባዩ ዝናቡ ሳይጀምር ነው የሚፈልገው።