በሰርቪስ ውስጥ የሚወራው ወደ ሪፖርት ቅጽ እንዲደርስ፦ ለአብራሪዎችና ለአለቆቻቸው የተዘጋጀ መመሪያ

ከጎሮ፣ ከሰሚት፣ ከአያትና ከቦሌ አራብሳ የበረራ ሠራተኞችን እየለቀመ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሰርቪስ ውስጥ ስለ በረራ ደኅንነት የሚነገረው ነገር፣ በሪፖርት ቅጽ ላይ ከሚሰፍረው ሳይበልጥ አይቀርም። አንዱ ፍጥነቱ ሳይቀንስለት ስላረፈበት ምሽት ያወራል፤ ሌላዋ ከተቆጣጣሪ የተሰጠ ፈቃድ በሁለት መንገድ ሊሰማ የቻለበትን በረራ ታነሳለች። ጨዋታው ብዙ ጊዜ የሚያበቃው «ስሜን እንዳታነሱ» በሚል አደራ ነው፤ ሰርቪሱ ቆሞ ሁሉም ሲወርዱ ጉዳዩም እዚያው ይቀራል። ይህ መመሪያ ያ ወሬ እንዴት ሪፖርት እንደሚሆን፣ ሪፖርቱም ጸሐፊውን ሳይጎዳ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል ያስረዳል።

ዝምታው የሚመጣበት መንገድ

አብራሪ የሚያሳስበውን ነገር ሳይጽፍ የሚቀረው ደኅንነት ስለማይገደው አይደለም፤ እሱም ከተሳፋሪው ጋር በዚያው አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው ነውና። ዝም የሚለው መዝኖ ነው። ቢጽፍ ስሙ ማኅደር ውስጥ ይገባል፣ ቢሮ ይጠራል፣ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል ማሠልጠኛ መሣሪያ) ድጋሚ ሊፈተን ይችላል፣ የካፒቴንነት እድገቱም ሊዘገይ ይችላል። ባይጽፍ ግን በአብዛኛው ምንም አይደርስበትም፤ አውሮፕላኑ በሰላም አርፏል፣ ተሳፋሪውም ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። የመናገር ጉዳቱ ለተናጋሪው ወዲያውኑ የሚታይ፣ ጥቅሙ ደግሞ ለማያውቀው ለሌላ በረራ የሚተርፍ እስከሆነ ድረስ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ብሂል ማሸነፉ አያስገርምም።

በእኛ ዘንድ በዚህ ላይ የሚደረብ ነገር አለ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የለመድነው ግምገማ «ምን ሆነ?» ከማለቱ በፊት «ማን ነው?» ብሎ የሚጀምር በመሆኑ፣ ከዚያ ልማድ የመጣ ሰው ስህተቱን በገዛ እጁ ጽፎ ማቅረብን ራሱን አሳልፎ እንደ መስጠት ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ይሉኝታም አለ፤ ወጣት ረዳት አብራሪ በዕድሜና በበረራ ሰዓት የሚበልጠውን፣ ምናልባትም ያስተማረውን ካፒቴን በሚመለከት ጉዳይ ብዕር ማንሳት ድፍረት መስሎ ይታየዋል። ይህ ችግር የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴነሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጭጋግ በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ ሲጋጩ 583 ሰዎች ሞተዋል። ሊነሳ በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን ለቆ እንደሆነ ጠይቆ ነበር፤ በድርጅቱ ውስጥ ከታወቁት አንጋፋ አሠልጣኞች አንዱ የነበረው ካፒቴን በእርግጠኝነት «አዎን» ብሎ ሲመልስለት ግን ጥያቄውን አልደገመውም።

ሪፖርት ካንድ ድርጅት ግድግዳ ሳይወጣ ሲቀር ምን እንደሚከተል ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቃረብ የነበረው የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ በረራ ቁጥር 514 ከሚገባው በላይ ዝቅ ብሎ በቨርጂኒያ ከሚገኝ ተራራ ጋር ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አብራሪዎቹ ለመቃረብ የተሰጣቸውን ፈቃድ ወደ ዝቅተኛው ከፍታ ወዲያውኑ መውረድን እንደሚፈቅድ አድርገው ተረድተውት ነበር። ልብ የሚሰብረው፣ ከስድስት ሳምንታት በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ቦታ፣ በዚያው አተረጓጎም ለጥቂት ተርፈው ለድርጅታቸው አሳውቀው የነበረ መሆኑ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከድርጅቱ ውጭ ላሉት አልደረሰም።

ከዚህ አደጋ በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አብራሪዎች በፈቃዳቸው ሪፖርት የሚያደርጉበትን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1975 ራሱ ሞከረው፤ ሆኖም ፈቃድ የሚነጥቀውና የሚቀጣው መሥሪያ ቤት ራሱ ሪፖርት ተቀባይ መሆኑ እምነት አሳጣው። በ1976 ሪፖርቱን የመቀበልና ማንነትን የመሰረዝ ሥራ የመቅጣት ሥልጣን ለሌለው ለናሳ ተሰጠ፤ ሥርዓቱም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሪፖርቶችን ተቀብሏል። ለማንኛውም አየር መንገድ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከዚህ የሚቀዳው የመጀመሪያው ነገር ይኸው የተቀባይና የቀጪ መለያየት ነው ብዬ አምናለሁ።

አብራሪው ሪፖርቱን እንዴት ይጻፍ?

በመጀመሪያ የትኛው በር የእርስዎ እንደሆነ ይለዩ። በሕግ የግድ ሪፖርት መደረግ ያለባቸው ክስተቶች አሉ፤ እነዚህን መተው ራሱ ጥፋት ነው። በፈቃድ የሚቀርብ ሪፖርት ሌላ ነው፤ ማንነትን የሚሸሽግ ምስጢራዊ ሪፖርት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ነው። ድርጅትዎ የትኞቹ እንዳሉት፣ ቅጹ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍና ስምዎን ማን እንደሚያይ ችግር ከመፈጠሩ በፊት ይጠይቁ፤ በጭንቅ ሰዓት መጠየቅ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሳልና።

ከዚያ ሳይተኙ ጥቂት መስመሮች ያስፍሩ። ሙሉውን ሪፖርት ሌሊቱን መጨረስ አያስፈልግም፤ ከፍታን፣ ፍጥነትን፣ ሰዓትንና የተባለውን ቃል ብቻ በስልክዎ ላይ መያዝ ይበቃል። ሰዓቱን በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን አቆጣጠር ይጻፉት፤ እኛ ሌሊት 9 ሰዓት የምንለው በዚያ አቆጣጠር 00:00 ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ከአውሮፕላኑ የበረራ መረጃ መቅረጫ ጋር የማይገጥም ሪፖርት ይወጣል፣ ጸሐፊውም ሳይዋሽ ዋሾ ይመስላል።

አጻጻፉን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ራሱን የሚከላከል ሰው እንዲህ ይጽፋል፦ «ወደ ቦሌ ስንቃረብ ፍጥነታችን ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሆኖም በሰላም አርፈናል።» ከዚህ ማንም ምንም ሊማር አይችልም። ያንኑ ክስተት እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ «ተቆጣጣሪው ፍጥነታችንን ይዘን እንድንቆይ አዘዘን። ከምድር በ1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ፍጥነታችን ከታቀደው በ18 ኖት ይበልጥ ነበር፤ የማረፊያው ፍላፕም ገና ወርዶ አላለቀም። እኔ ረዳት አብራሪው “ፍጥነት” ብዬ ጠራሁ፤ ጎ አራውንድ እናድርግ አላልኩም። ያላልኩት ካፒቴኑ እንዳየው ስለገመትኩና ከኋላችን ሌላ አውሮፕላን እንዳለ ስለሰማሁ ነው። በ600 ጫማ ሁሉም ተስተካከለ፤ አረፍን።» (ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው፤ ፍላፕ ለማረፍ ሲባል ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋው ክፍል ነው፤ ጎ አራውንድ ደግሞ ማረፉን ትቶ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ነው።)

ሁለተኛው ጽሑፍ ጥፋተኛ አይፈልግም፤ ግን ምንም አይደብቅም። የሚያነበው የደኅንነት ባለሙያ ወዲያውኑ ጥያቄ ያገኛል፦ በዚያ አቅጣጫ የሚሰጠው የፍጥነት ትእዛዝ ከልክ በላይ ይቆያል ወይ? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 7,600 ጫማ ከፍታ ላይ ያለ ማረፊያ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ በመሣሪያው ላይ የሚነበበው ፍጥነት ያው ሆኖ ሳለ አውሮፕላኑ ከባሕር ዳርቻ ማረፊያዎች ይልቅ በእርግጥ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ፍጥነት ለመቀነስ የሚቀረው ጊዜ ያጥራል። ይህንኑ የሚናገሩ ሌሎች ሪፖርቶች ከመጡ ጉዳዩ የአንድ አብራሪ ድክመት ሳይሆን የአሠራር ጥያቄ ይሆናል። «ያላልኩት ... ስለገመትኩ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሁሉም የላቀ ዋጋ አለው፤ የትኛውም መቅረጫ ያንን አይመዘግብምና። የባልደረባን ስም በተመለከተ «ካፒቴኑ»፣ «ረዳት አብራሪዋ» ብሎ በኃላፊነት መጥራት ይበቃል፤ የሚቻል ከሆነም ቅጹን ከመላክዎ በፊት ለካፒቴኑ «ካፒቴን፣ የትናንቱን አቀራረብ ልጽፈው ነው፤ እርስዎም ያዩትን ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል» ማለት ቂምን ያስቀራል።

ድካምን መናገር

የድካም ሪፖርት ከሁሉም የከበደ ነው፤ ምክንያቱም ደክሞኛል ያለ ሰው ሰነፍ ተደርጎ ይታያል። በከተማዋ ዳር ባሉ ኮንዶሚኒየሞች የሚኖር ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ሌሊት 8 ሰዓት ሊነሳ ያሰበ አብራሪ፣ ከሕንጻው ሥር የተተከለ የሠርግ ድንኳን ድምፅ ማጉያ እስከ 5 ሰዓት ሲያስተጋባ፣ ከዚያም በተራ የሚመጣው ውሃ 6 ሰዓት ላይ መውረድ ሲጀምርና በርሜል ለመሙላት ሲነሳ፣ የመርሐ ግብር ሠንጠረዡ «በቂ ዕረፍት» የሚለው ጊዜ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት «ታምሜያለሁ» ብሎ መደወል ነው። ሕመም ጥያቄ አያስነሳም፤ ድካም ግን ያስነሳል። ችግሩ፣ በሕመም ስም የተመዘገበ ድካም የመርሐ ግብሩን ጉድለት ለዘለዓለም ይሰውረዋል፤ ያው የሌሊት ምድብ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ሰው ይደርሰዋል። ስለዚህ በትክክለኛ ስሙ ይጥሩት፦ ባለፉት ሁለት ቀናት ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደነቁ፣ እንቅልፉን ምን እንዳቋረጠው ይጻፉ። የሚደውሉትም ሰርቪሱ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ ሳይሆን፣ መብረር እንደማይችሉ ባወቁበት ቅጽበት ይሁን፤ ተተኪ ለመጥራት የሚቀረው ጊዜ ሲያጥር የአለቃው ቁጣም ይበረታልና።

ሪፖርቱን የሚቀበለው ኃላፊ ምን ያድርግ?

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ በኃላፊው እጅ ይጸናል ወይም ይፈርሳል። አብራሪዎች ፖሊሲውን አንብበው አያምኑም፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ምን እንደደረሰበት አይተው ነው የሚያምኑት፣ ያም በሳምንት ውስጥ በሰርቪሱ ሁሉ ይዳረሳል። ስለዚህ ሪፖርት ያቀረበውን ሰው ሲያገኙት የመጀመሪያው ቃልዎ «ስለጻፍክልን እናመሰግናለን» ይሁን፤ ቀጥሎ «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ሳይሆን «በዚያ ሰዓት ምን ይታይህ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። «ለምን» የሚለው ጥያቄ በእኛ ቢሮዎች ውስጥ የተግሣጽ መግቢያ ሆኖ ስለኖረ ሰውን ወዲያውኑ ወደ መከላከል ይወስደዋል።

ጥፋትን ከስህተት ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ተመሳሳይ ሥልጠናና ልምድ ያለው ሌላ አብራሪ በዚያው ሁኔታ ውስጥ ቢሆን ይህንኑ ሊያደርግ ይችል ነበር ወይ? መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ ግለሰቡን መቅጣት ቀጣዩን ሰው ከዚያው ወጥመድ አያድነውም። ጠጥቶ የበረረ፣ ሆን ብሎ ደንብ የጣሰ ወይም መረጃ ያጠፋ ሰው ግን በዚህ ጥላ ሥር አይገባም፤ ይህ ወሰን በጽሑፍ ሰፍሮ ሁሉም አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል፤ ያለዚያ «ቅጣት የለም» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ በመጣ ዕለት ይታጠፋል።

የበረራ መረጃ መቅረጫንም ዱላ አያድርጉት። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ27,000 ኪሎ ግራም በላይ ለሚመዝኑ አውሮፕላኖች የበረራ መረጃ ትንተና እንዲኖር ሲደነግግ፣ ትንተናው ቅጣት አልባ እንዲሆንም አስቀምጧል፤ አደጋን በሚመለከተው 13ኛ አባሪው ደግሞ የምርመራ ዓላማ ጥፋተኛን መለየት እንዳልሆነ በግልጽ ተጽፏል። ከመቅረጫው ያገኙትን ቁጥር ይዘው አብራሪን ከጠሩት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩን ያገኛሉ፣ ምክንያቱን ግን አያገኙም።

የሪፖርት ቁጥር ማነስንም እንደ መልካም ውጤት አይቁጠሩት። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2001 ምስጢራዊና ቅጣት አልባ ሪፖርትን በሕግ ስታጸና፣ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በዓመት 15 ገደማ ይመጣ የነበረው ሪፖርት በመጀመሪያው ዓመት ከ900 በላይ ሆነ። ሰማዩ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አደገኛ አልሆነም፤ ቀድሞም የነበረው ነገር መታየት ጀመረ እንጂ። ሪፖርት ሲቀንስ የሚሸለም ኃላፊ ካለዎት ዝምታን እየገዙ ነው።

በመጨረሻም መልስ ይስጡ። ሪፖርቱ እንደደረሰ ለጸሐፊው ቁጥር ይሰጠው፤ ውሳኔው ሲታወቅ ለእሱ ይነገረው፤ ስሙ ወጥቶ የተለወጠው ነገር ሠራተኛው በሚሰበሰብበት ክፍል ይለጠፍ። ትንሽ ድርጅት ውስጥ ስምን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ መስመሩና ቀኑ ከተጻፈ ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ስለዚህ እነዚህንም ያስቀሩ።

መልስ ካልመጣስ? አብራሪው የሪፖርቱን ቅጂና ቁጥር ይዞ በመጀመሪያ ለደኅንነት ክፍሉ በጽሑፍ ያስታውስ፤ ጉዳዩ አሁንም በረራን የሚያሰጋ ሆኖ እያለ ዝም ከተባለ፣ ያንኑ ቅጂና የማስታወሻውን ቀን አያይዞ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያቅርብ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ስለ አለቃው ጠባይ አንድም ቃል መጻፍ አያስፈልግም፤ የታየው ነገር፣ የታየበት ቀንና ያልተሰጠው መልስ ይበቃሉ።