ንስሐ ስንገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት የንስሐ አባቶች ስልክ አያርፍም። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሁሉ «አባ፣ ዛሬ ማታ ጊዜ ይኖርዎታል?» ይላል። ምክንያቱ ይታወቃል፤ ሰሙነ ሕማማት ከገባ መስቀል መሳለም የለም፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አይባልም። እኔም በዚያ ወረፋ ስንት ዓመት ቆሜአለሁ። ፋሲካው ሲያልፍ ያው እኔው ነኝ፤ ያው ቁጣ፣ ያው ውሸት። ወደ ክርስቶስ መሄዴን ረስቼ ሒሳብ ልዘጋ እሄድ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀጥዬ የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ፕሮቴስታንት የሆናችሁ አንባቢዎችም አጠራሩ ይለይባችሁ እንደሆነ እንጂ ነገሩ የሚርቃችሁ አይመስለኝም።

1. ጸጸትን ንስሐ ነው ማለት

ይሁዳ ተጸጽቷል። ብዙዎቻችን ይህን እንዘለዋለን። ማቴዎስ 27 ላይ ሠላሳውን ብር መልሷል፤ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎም ጥፋቱን በስሙ ጠርቷል። ብር የመለሰ፣ ያመነ፣ ያዘነ ሰው ነው። ግን የሄደው ወደ ጌታ ከሳሾች ነበር። እነሱም «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» አሉት። ብቻውን ቀረ፤ መጨረሻውን ሁላችን እናውቀዋለን። (የንስሐ አባት ዘንድ መሄድ ከዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። «አንተው ተጠንቀቅ» የሚል አባት ካጋጠማችሁ ሥራውን አልሠራም።)

ጴጥሮስ በዚያው ሌሊት የሠራው ቀላል አልነበረም። ሦስት ጊዜ ካደ፣ ያውም እየማለ። የካደበትን ቦታ ዮሐንስ ሲነግረን በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ነበር ይለናል (18፥18)። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የጠበቃቸውም ፍም አንድዶ፣ ዓሣ አስቀምጦበት ነው (21፥9)። ጴጥሮስ ያ የእሳት ሽታ ሲደርሰው ምን እንደተሰማው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተባለ። «ለምን ካድከኝ?» የሚል ጥያቄ በምዕራፉ ውስጥ የለም። ጀልባው ዳር እስኪደርስ እንኳ አልታገሠም፤ ልብሱን ታጥቆ ባሕር ውስጥ ዘለለ። ይሁዳም ጴጥሮስም አዝነዋል፤ ወደ ጌታ የዘለለው ግን ጴጥሮስ ነው።

ስለዚህ ኃጢአቱን እያሰበ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ገና ንስሐ አልገባም። ከአልጋው አልወረደማ።

2. «መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል»

ይህን የምሰማው በተለይ ከወጣቶች ነው። «መጠጡን ልተውና እሄዳለሁ»፣ «ከእሷ ጋር ያለው ነገር መልክ ይያዝና።» ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሐኪም ቤት የምሄደው ሲሻለኝ ነው እንደማለት ነው።

የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ የሚለውን እያጠና ነበር። ሉቃስ 15፥19 ላይ ያጠናው ንግግር መጨረሻው «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» የሚል ነው። ቁጥር 21 ላይ ግን ይህ ዐረፍተ ነገር የለም። አባትየው ሮጦ አንገቱን አቅፎ ስሞታል፤ ልጁ «ልጅህ ልባል አይገባኝም» ከማለቱ አባቱ ባሪያዎቹን ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ፣ ጫማ አምጡ ይላቸዋል። ልጁ ሠርቶ ሊከፍል አስቦ ነበር፤ የሥራ ማመልከቻውን የሚቀበለው አላገኘም።

3. በጅምላ መናዘዝ

«አባ፣ በማወቅም ባለማወቅም ብዙ በድያለሁ።» እንዲህ ብሎ ዝም ማለት ምንም አለመናገር ነው። ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ «ያመኛል» ብቻ እንደሚል ሰው። የባሰው ግን የሰው ኃጢአት መናዘዝ ነው፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ አማቷ ተናግራ «እንግዲህ እኔም አንዳንዴ እቆጣለሁ» ብላ የምትጨርስ አለች። ወንዶቹም ስለ አለቃቸው ሲናገሩ ከዚህ አይሻሉም። ዳዊት ናታን ሲገሥጸው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ እንጂ ቤርሳቤህ ለምን እዚያ ታጠበች አላለም።

4. ቀኖናን እንደ መቀጮ መክፈል

ስግደቱ ይህን ያህል፣ ጾሙ ይህን ያህል፣ አለቀ፣ ደረሰኝ ስጡኝ። ቀኖና፣ ማለትም የንስሐ አባት ለተናዘዘ ሰው የሚያዘው ስግደትና ጾም፣ መድኃኒት ነው ይሉናል አባቶች፤ እኛ የትራፊክ ቅጣት አድርገነዋል። ቀለል ያለ ቀኖና ይሰጣሉ የተባሉትን አባት አጠያይቆ የሚሄድም አለ። ኪኒኑ መረረኝ ብሎ ሐኪም እንደመቀየር ነው፣ በሽታው ግን አብሮት ይሄዳል።

5. የወሰዱትን ሳይመልሱ ይቅር ተባልኩ ማለት

ይህንን ከራሴ ልንገራችሁ። በወጣትነቴ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ ተቀባይ ነበርኩ። ከዕለቱ ሽያጭ ላይ አንዴ ሃምሳ፣ አንዴ መቶ ብር እየቀነስኩ ኪሴ እከት ነበር። ሥራውን ከለቀቅኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ከባድ ቀኖና እጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም ፈልጌው ነበር።

«ሰውየው በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አሉ፣ አባ።»

«ሱቁስ?»

«አለ።»

«እንግዲያው የስግደቱን ነገር ከዚያ በኋላ እናወራለን፣ ልጄ።»

ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ገምቼ ስድስት ሺህ ብር በፖስታ አድርጌ ገባሁ። ጋሼ ሚዛን ላይ ሚስማር እየመዘኑ ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። ፖስታውን ተቀብለው አንዴ ቆጠሩት፤ ጣታቸውን ምራቅ ነክተው ደግመው ቆጠሩት፤ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ሌላ አለ?» አሉኝ። «የለም፣ ጋሼ።» ወደ ሚስማራቸው ተመለሱ። እቅፍም እንባም አልነበረም፤ ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጭር ናት። ይቅር ማለት የሳቸው ፋንታ ነው፤ ገንዘባቸውን መመለስ ግን የኔ ነበር።

ዘኬዎስን ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ነው ያነበብኩት። የሙሴ ሕግ በዘኁልቁ 5፥7 የበደለ ሰው ተናዝዞ ዋናውን ከነአምስተኛ እጁ ይመልስ ይላል። አራት እጥፍ ማስመለስ በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ ሌባ የተጻፈ ነው (ዘጸአት 22፥1)። የቀራጮች አለቃው አምስተኛ እጅ ጨምሮ መገላገል ሲችል ራሱን ከበግ ሌባ ጎን አቆመ፤ ያውም ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ከሰጠ በኋላ። ቅደም ተከተሉም መታየት አለበት። ጌታ ከሾላው ሥር ቆሞ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና ፈጥነህ ውረድ» ያለው ዘኬዎስ አንድ ሳንቲም ከመመለሱ በፊት ነው። ኢያሪኮ የተንጎራጎረችውም በዚህ ነበር። እንግዳው ገባ፣ ከዚያ ካዝናው ተከፈተ።

ገንዘብ ብቻም አይደለም። ስሙን ያጠፋነው ሰው አለ፤ ባጠፋንበት ጉባኤ ፊት ነው የሚመለሰው፣ በጓዳ በስልክ አይደለም።

6. ያለፈውን ኃጢአት ማስጌጥ

አርባ ደቂቃ ስለ ጭፈራ ቤቱ፣ ሁለት ደቂቃ ስለ ክርስቶስ የሚያወሩ ምስክርነቶች አሉ። ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ ታሪኩን ሲናገር አሳዳጅነቱን አይደብቅም፤ ግን በጥቂት ቃል ይነግረንና ወደ ብርሃኑና ወደ ድምፁ ይሄዳል።

7. በአንድ ሌሊት መላእክት መሆን

ሳውልም ቢሆን ከደማስቆ መንገድ በቀጥታ ሰባኪ ሆኖ አልተነሣም። ሦስት ቀን ሳያይ፣ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ ቆየ። ዓይኑ የተከፈተው እሱ ሊያስራቸው ከመጣባቸው አማኞች በአንዱ እጅ ነው፤ ሐናንያ ፈርቶ እያለ ሄዶ «ወንድሜ ሳውል ሆይ» አለው። ገላትያ 1 ላይ እንደሚነግረን ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ዓረብ አገር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በጥምቀት ማግሥት መድረክ ለሚሰጡ ሰዎች ይህ ቢነበብላቸው ጥሩ ነው።

የብዙ ሰው ንስሐ የሚፈርሰው በመጀመሪያው ውድቀት ላይ ነው። ጾሙን ሙሉ ጠብቆ በዳግም ትንሣኤ ሳምንት ይወድቃል፤ «ድሮም አልተለወጥኩም» ብሎ ሁለት ዓመት ይጠፋል። ከመውደቁ ይልቅ ያ ሁለት ዓመት ነው የሚጎዳው።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወንበዴዎች አለቃ የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። በግብፅ አስቄጥስ ገዳም ከመነኮሰ በኋላ የዝሙት ፈተና ጸናበት። ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ወደ በዓትህ (ወደ መኖሪያ ክፍልህ) ተመለስ ቢሉት «አባ፣ አልችልም» አለ። ያ ሰው፣ ጉልበቱ የሚፈራ የነበረው፣ አልችልም አለ። አባ ኤስድሮስ አልተቆጡትም፤ ይዘውት ጣራ ላይ ወጡ። ወደ ምዕራብ እይ አሉት፤ የአጋንንት ሠራዊት ለጦርነት ሲራወጥ አየ። ወደ ምሥራቅ እይ አሉት፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው መላእክት አየ። ከእኛ ጋር ያሉት ይበልጣሉ አሉት። ሙሴም አመስግኖ ከጣራው ወረደና ወደዚያችው በዓቱ ተመለሰ።