ማግኒዢየሙን አትርሱ፦ ኤንኤምዲኤ ላይ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎችን ፋርማኮሎጂ አስጠናለሁ። የነርቭ ሥርዓት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ባቹ ይለወጣል እንጂ ስህተቱ አይለወጥም። ብዙዎቹን የሚጥላቸው ኤንኤምዲኤ (NMDA) የሚባለው ኬሚካልና በስሙ የተጠራው የነርቭ ሴል ተቀባይ ነው። ፈተና ሳይደርስባችሁ እነዚህን አስተካክሉ።

“የነርቭ ሴሎች ኤንኤምዲኤ ይለቃሉ” ብሎ መጻፍ። የሚለቁት ግሉታሜት ነው፤ አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው መልእክት የሚልክበት ኬሚካል። ኤንኤምዲኤ ከአስፓርቴት ጋር የሚዛመድ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተሠራ የአሚኖ አሲድ ውህድ ነው። ጄፍሪ ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ሠራው። ከግሉታሜት ተቀባዮች (ሴሉ ገጽ ላይ ሆነው መልእክቱን ከሚይዙት ፕሮቲኖች) አንዱን ዓይነት ለይቶ ስለሚቀሰቅስ ተቀባዩ በእሱ ስም ተጠራ። አምፓ የሚባለውን ሌላ የግሉታሜት ተቀባይ እምብዛም አይነካውም።

ከኤምዲኤምኤ ጋር ማምታታት። እሱ ኤክስታሲ የሚባለው ዕፅ ነው። ፊደሎቹን ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የፈተና ወረቀት ስገልጥ የማየው ሥዕል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንድ ክብ፣ “ግሉታሜት” የሚል ቀስት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚገባ ካልሲየም። አለቀ። የቀረውስ? የኤንኤምዲኤ ተቀባይ ራሱ ቻናል፣ ማለትም የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ነው፤ ግሉታሜት ስለመጣ ብቻ ካልሲየም አያሳልፍም። በመጀመሪያ ግላይሲን ወይም ዲ-ሴሪን የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ አብሮ መያያዝ አለበት። የግላይሲን ሚና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሁለተኛ፣ ሴሉ ዕረፍት ላይ ሳለ፣ ማለትም ኔጌቲቭ 70 ሚሊቮልት አካባቢ፣ ማግኒዢየም ቀዳዳው ውስጥ እንደ ቡሽ ተወትፎ ይቀመጣል። ግሉታሜቱ ቢመጣም መንገዱ ዝግ ነው።

ማን ያስወጣዋል? በአምፓ ተቀባዮች በኩል ሶዲየም ይገባል፣ የሴሉ ውስጥ ኔጌቲቭነቱ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ማግኒዢየሙ ይለቅቃል። ስለዚህ ካልሲየም በደንብ የሚገባው ላኪውም ተቀባዩም ሴል በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት የሚጠነክረውም በዚህ መንገድ ነው፤ ስለ ትምህርትና ስለ ማስታወስ ከምናውቀው ብዙው እዚህ ላይ ቆሟል። ማግኒዢየሙን ከሥዕሉ ያወጣ ሰው ዋናውን ነገር አውጥቷል! የምርምር ጽሑፍ ስታነቡም ሴሎቹ የነበሩበት ፈሳሽ ማግኒዢየም እንዳለው መጀመሪያ እዩ። ከሌለው ውጤቱ ሌላ ነው።

አንዷን ጎበዝ ተማሪ “ማግኒዢየሙ የት ሄደ?” ብዬ ጠየቅኳት። “ቲቸር፣ እሱ የማዋለጃ ክፍል መድኃኒት አይደል?” አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት። በኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር በሚመጣ ሕመም) ለምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዢየም ሰልፌት ለምን እንደሚሠራ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ይኸው ተቀባይ ነውና። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ራሷ ጨረሰችው።

ማደንዘዣው ኬታሚን ተቀባዩ ላይ የግሉታሜትን ቦታ ይቀማል ማለት። አይቀማም። ቻናሉ ሲከፈት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይዘጋዋል። ግሉታሜት ብትጨምሩበት አይወጣም። ለአልዛይመር የሚሰጠው ሜማንቲንም እንዲሁ ነው።

“ኤንኤምዲኤ አሚኖ አሲድ ከሆነና ማስታወስ ላይ ከሠራ፣ ብንወስደውስ?” ይህን የሚጠይቀኝ አይጠፋም። በፍጹም! ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ የምርምር ኬሚካል ነው። ግሉታሜትን ጠርገው የሚያነሡት አጓጓዦች ኤንኤምዲኤን በደንብ ስለማያነሡት ተቀባዩ ላይ ይቆያል። ካልሲየም ከመጠን በላይ ሲገባ የነርቭ ሴሉ ይሞታል። ተመራማሪዎች የእንስሳት አንጎል ላይ ሆን ብለው ጉዳት ለማድረስ የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ዋርድ ውስጥ የሚሠራ ስህተት ነው። ጤነኛ የነበረች ወጣት በቀናት ውስጥ ጠባይዋ ይለወጣል፣ ትቃዣለች፣ ከዚያ ያንቀጠቅጣታል። ተማሪው “ሳይኮሲስ” (የአእምሮ ሕመም) ብሎ ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ተለይቶ የታወቀ አንድ የአንጎል ብግነት አለ፤ የሰውነት አንቲቦዲ ራሱ በኤንኤምዲኤ ተቀባይ ላይ ይነሣል። አንቲቦዲው ተቀባዩን ይቀሰቅሳል ብላችሁም አትጻፉ፤ ተቀባዮቹ ከሴሉ ገጽ ላይ እንዲቀንሱ ነው የሚያደርገው። ቶሎ ከታወቀ ይታከማል፣ ብዙዎችም ይድናሉ። በወጣት ሴቶች ላይ መነሻው እንቁላል ማምረቻው (ኦቫሪ) ላይ የበቀለ ዕባጭ ሊሆን ስለሚችል፣ የታችኛው ሆድ (ፔልቪክ) አልትራሳውንድ ማዘዝን አትዝለሉ።