ከፊል አውቶማቲክ ባለ .22 ኢንች ጥይት ጠመንጃ በስንት ጊዜ ይጽዳ?
በአሜሪካ ለኢላማ ተኩስና ለጥንቸል አደን የተለመደው ሩገር 10/22 ወይም መሰሉ ጠመንጃ ያላችሁ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በርሜሉን መፈተግ አያስፈልጋችሁም። የጥይቱ ለስላሳ እርሳስ ሰም መሰል ቅባት ስላለው በርሜሉን እምብዛም አይጎዳም፤ ጥላሸቱ የሚጠራቀመው መዝጊያው በባሩዱ ግፊት ወደ ኋላ ሲመለስ ጭስና ቅባት በሚረጭበት የውስጥ ክፍል ነው። በእኔ ግምት በየ300 እስከ 500 ጥይቱ፣ ወይም ቀለሁ መጣበቅ ሲጀምር፣ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አውጥታችሁ፣ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንም በጣትም አረጋግጣችሁ፣ የመዝጊያውን ፊትና ቀለህ ጎታቹን ጥፍር በጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ዘይቱ ከጠብታ አይብለጥ፤ ሲበዛ ጥላሸት ይሰበስባል። ለበርሜሉ የአፈሙዙን ጠርዝ ሊፍቅ ከሚችለው ዘንግ ይልቅ፣ ከኋላ ገብቶ በአፈሙዙ የሚሳብ የመወልወያ ገመድ ይሻላል።