ለቪዲዮ ስቱዲዮ የሚሆን ቢሮ ከውጭ ሆናችሁ ስትከራዩ

ወንድሜ ስልኩን ይዞ ክፍሉን እየዞረ ሲያሳየኝ የሰማሁት የእሱን ድምፅ ብቻ ነበር። ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። ወደድኩት፤ በዚያው ሳምንት የስድስት ወር ኪራይ ላክሁ። የመጀመሪያው ቀረጻ ሲደርሰኝ ግን ከተናጋሪው ጀርባ ብረት ሲቆረጥ ይሰማል። ለካ ከሕንፃው ጀርባ ብየዳ ቤት አለ። ወንድሜ አልዋሸኝም። ክፍሉን ባሳየኝ ቀንም ብረቱ እየተቆረጠ ነበር፤ ድምፁን ያጠፋብኝ የተነጋገርንበት የቪዲዮ ጥሪ ነው።

እነዚህ የጥሪ መተግበሪያዎች የሰው ንግግር ጠርቶ እንዲሰማ የአካባቢውን ጫጫታ ያፍናሉ። ለናፍቆት ወሬ ደግ ነገር ነው። ስቱዲዮ ለሚፈልግ ሰው ግን ዋናውን ነገር ይደብቅበታል። ስለዚህ በቪዲዮ ጥሪ የታየን ክፍል አይታችሁታል እንጂ ገና አልሰማችሁትም ብላችሁ ቁጠሩት። ቀለም ይቀየራል፣ መብራት ይገዛል፣ መጋረጃ ይሰቀላል። ከውጭ የሚገባን ድምፅ ግን ተከራይ ሆኖ ማስቆም የሚችል የለም ማለት ይቻላል።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ክፍሉን የሚያይልኝን ሰው በሩንና መስኮቱን ዘግቶ፣ ስልኩን በክፍሉ መሃል አስቀምጦ፣ ሳይንቀሳቀስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝምታውን እንዲቀዳ እጠይቀዋለሁ። የሚቀዳው በስልኩ የድምፅ መቅጃ ነው እንጂ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት አይደለም፤ የድምፅ መልእክት ተጨምቆ ስለሚላክ ስስ የሆኑትን ድምፆች ይበላቸዋል። የተቀዳውን እንደ ፋይል አያይዞ ይልካል። ይህንን በሥራ ቀን ጠዋት፣ ቀትር ላይና አመሻሽ፣ ከዚያም ቅዳሜ ወይም እሁድ አንድ ጊዜ ይደግመዋል። መቅዳት ሲጀምር ቀኑንና ሰዓቱን በአፉ ይናገር። ሰዓት ስትቀጣጠሩም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተግባቡ። እናንተ በውጭው ልማድ የከሰዓት በኋላውን አስባችሁ “ሦስት ሰዓት” ብቻ ስትሉ እሱ በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሄድላችሁ ይችላል፤ ያኔ ደግሞ የከሰዓቱ ጫጫታ አይቀዳም።

ቅጂውን ጆሮ በሚሸፍን ማዳመጫ፣ እናንተም ጸጥታ ባለበት ቦታ ሆናችሁ ስሙት። ከታች የሚያጉረመርም ነገር ካለ ጄኔሬተር ወይም የውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ከላይ ወንበር ሲጎተት፣ ኮቴ ሲረግጥ፣ በግድግዳው ውስጥ ውሃ በቧንቧ ሲወርድ፣ ሊፍቱ ሲነሳና ሲቆም፣ የመንገዱ ጥሩምባ፣ የጎረቤት ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም እዚያች ደቂቃ ውስጥ ይገባሉ። የመጨረሻው ፎቅ የኮቴ ድምፅ ስለሌለበት ይመረጣል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ክረምት ሲገባ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቀረጻው ይቆማል። ቢሮውን የምትከራዩት በበጋ ከሆነ ይህ አይሰማችሁም፤ ጠይቁ፣ ጣሪያው ራሱ ይታይላችሁ።

ከዝምታው በኋላ ያው ሰው በክፍሉ መሃል ቆሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። ባዶ ክፍል፣ ሴራሚክ ወለልና ትይዩ የሲሚንቶ ግድግዳዎች ጭብጨባውን እየተቀባበሉ ይመልሱታል። ገደል ማሚቶ የሚባለው በትንሹ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ይደነግጣል፤ እኔ ግን አልደነግጥም። ሁለቱን ችግሮች ለዩዋቸው። የውስጡ ማስተጋባት በወፍራም ምንጣፍ፣ ከግድግዳ ትንሽ ራቅ ብሎ በሚሰቀል ድርብርብ መጋረጃ፣ አሥር ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት ባለውና በጨርቅ በተለበጠ የማዕድን ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ ወይም መስታወት የሚሠራ፣ ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ) ይታከማል። ስስ ስፖንጅ ብቻ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉ ቀጫጭኑን ድምፅ ይውጥና ወፍራሙን ይተወዋል፤ ተናጋሪው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። የእንቁላል ካርቶን ለዚህ ሥራ እርባና የለውም፣ ማንም ቢመክራችሁ። ከውጭ የሚገባውን ድምፅ ለማስቆም ግን ክብደት ያስፈልጋል፦ ወፍራም ግድግዳ፣ ድርብ መስታወት፣ ክፍተት የሌለው በር። ይህ የግንባታ ሥራ ነው፤ ወጪውም በሰው ቤት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጭር ብሎ የሚያስተጋባ ክፍልና ምቹ መስሎ የሚንጫጫ ክፍል ቢቀርቡላችሁ የሚያስተጋባውን ውሰዱ።

ልኩን በተመለከተ ካሬ ሜትር ብቻ አይበቃም። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ለየብቻ በሜትር ይለካ፤ ቁመቱ እስከ ኮርኒሱ ነው። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲቀረጽ ካሜራው ከእሱ 2 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሰውየው ደግሞ ከጀርባው ግድግዳ 1.5 ሜትር ያህል ቢርቅ ጥላው ግድግዳ ላይ አይወድቅም፣ ጀርባውም ለስለስ ብሎ ይታያል። ከካሜራው ኋላ የሚቆመው ሰው ሲታከል ወደ 5 ሜትር ርዝመት ይመጣል። ጎንና ጎን መብራት ለማቆም 3.5 ሜትር ስፋት ይበቃል። ጣሪያው ከ2.7 ሜትር ካነሰ መብራቱንና ማይኩን ከላይ ለማንጠልጠል ትቸገራላችሁ። የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት (ጀርባው በኋላ በኮምፒውተር በሌላ ምስል እንዲተካ) መቅረጽ ካሰባችሁ ግን ይህ ሁሉ አይበቃም፤ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጉ። ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ እየታየ በቪዲዮ ይቀረጽላችሁ፤ “አምስት በአራት ይሆናል” የሚል ግምት አትቀበሉ። ምሰሶ መሃል ላይ የቆመበት ክፍል ገጥሞኛል፤ ፎቶው ላይ አልነበረም።

ሰፊ መስኮት አከራይ የሚኮራበት ነገር ነው። ለእኛ ግን ፀሐይ በደመና ስትገባና ስትወጣ የተናጋሪው ፊት ብርሃን ይቀያየራል። በወፍራም ጥቁር መጋረጃ መሸፈን ይቻላል፤ መስኮቱ በዛ ያለ ከሆነ ወጪውን ቀድማችሁ አስቡት።

ስለ መብራት ኃይል አንድ ነገር፣ በተለይ ከአሜሪካና ከካናዳ ለምትልኩ። እዚያ የለመዳችሁት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ ሀገር ቤት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቻርጀሩ ወይም አዳፕተሩ ላይ 100–240 የሚል ከተጻፈ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ካሜራውም ቢሆን እዚያ በነበረበት ሸተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ሆኖ ቢቀርጽ የክፍሉ መብራቶች ምስሉ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥላማ መስመሮች ሊያመጡ ይችላሉ። በ50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ስለዚህ ሸተሩ 1/50 ወይም 1/100፣ ቀረጻው በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ይሁን። አንድ የቀረጻ ቀን ሙሉ በዚህ ብቻ ሊበላሽ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ የሕንፃው ጄኔሬተር የእናንተን ክፍል ይሸፍን ወይስ ሊፍቱንና ኮሪደሩን ብቻ፣ ይህንን አከራዩን በግልጽ ጠይቁ። ቢሸፍንም ጄኔሬተሩ ራሱ ስለሚጮህ፣ በባትሪ የሚሠሩ ኤል ኢ ዲ መብራቶችን መያዝ ይሻላል እላለሁ። ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ የሚለውም አይረሳ፤ በጋራ ቆጣሪ በየወሩ ጭቅጭቅ አለ።

ኤዲቲንጉን እናንተ ውጭ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ የኢንተርኔቱ የመስቀያ (አፕሎድ) ፍጥነት ይለካላችሁ፤ የማውረጃው አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀረጽ ፎር ኬ ቪዲዮ አሥር ደቂቃው 7.5 ጊጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚሰቅል መስመር ይህን ለመላክ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እዚያው ሀገር ቤት ጥራቱ በሰከንድ ወደ 5 ሜጋቢት የተቀነሰ ቅጂ ተሠርቶ ቢላክላችሁ ወደ 375 ሜጋባይት ይወርዳል፤ በእሱ ቆርጣችሁ የመጨረሻውን እዚያው ከዋናው ፋይል ማውጣት ይቻላል።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ውል የሚፈርምላችሁ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፤ ሀገር ቤት ሲደርስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል ያልፋል። ውክልናው ላይ ቢሮ እንዲከራይ፣ ውል እንዲፈርም፣ እንዲያድስና እንዲያቋርጥ፣ ኪራይ እንዲከፍልና ማስያዣ ተመላሽ እንዲቀበል በስም በስሙ ይጻፍ። መሥሪያ ቤት ያልተጻፈን ሥልጣን አያነብም። ዜግነት ለቀየራችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተደነገገው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ቀድሞ በእጃችሁ ቢገኝ የንግድ ፈቃዱም ሥራ ይቀላል። የኪራይ ውሉን ራሱን በሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግቡት፤ ንግድ ፈቃድ ስታወጡ የአድራሻ ማስረጃ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል።

አከራዩ ባለቤት መሆኑ በባለቤትነት ማረጋገጫው ይታይ። እሱም ተከራይቶ የሚያከራይ ከሆነ የባለቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይቅረብ። ስለ ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ሰምታችሁ የምትተማመኑም አላችሁ፤ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚገዛው የመኖሪያ ቤትን ነው። ቢሮን የሚጠብቀው ውላችሁ ስለሆነ ጭማሪው መቼና በስንት በመቶ፣ ሳይጠበቅ ልቀቁ ቢባል የስንት ወር ማስጠንቀቂያ፣ ሁሉም በውሉ ይግባ። በኪራዩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከል እንደሆነም ከመስማማታችሁ በፊት ይታወቅ። ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፣ የጳጉሜን ቀናት በኪራይ ይቆጠሩ እንደሆነም እንዲሁ።

ለስቱዲዮ ብቻ የሚያስፈልጉ ዐረፍተ ነገሮችም አሉ። ክፍሉ “ለቢሮና ለቪዲዮ ቀረጻ” መከራየቱ በግልጽ ይስፈር፤ ለቢሮ ብቻ ተብሎ ከተፈረመ እንግዳና መሣሪያ መግባት ሲጀምር ጥበቃው በር ላይ ያቆማችኋል። ግድግዳ ላይ መሰቀያ መብሳት፣ ማታና በበዓል ቀን መግባት ይፈቀድ። ይዘታችሁ ዜናና ወቅታዊ ጉዳይ ከሆነ ስለ ምዝገባው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኪራዩን በአከራዩ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ክፈሉ። ወንድምንም ሆነ የአክስትን ልጅ ገንዘብ በእጁ አስይዞ መሃል ማቆም ለእሱም ሸክም ነው። ዘመድ ይሉኝታ ይዞት ከአከራይ ጋር መከራከር ይከብደዋል፤ “ወንድሜ ካልፈቀደ አልፈርምም” ብሎ እናንተን እንዲያሳብብ አስቀድማችሁ ንገሩት። ለእኔ ከብዙ ጭቅጭቅ ያዳነኝ ይህ ነው።

ቁልፍ ሲረከብ እያንዳንዱ ግድግዳ፣ ሶኬት፣ መስኮትና የቆጣሪው ንባብ በቪዲዮ ይቀረጽና ለአከራዩም በዚያው ቀን ይላክለት።

ከብየዳ ቤቱ ጎረቤት ከወጣን በኋላ ወንድሜ ሰባት ክፍል አየ። ስድስቱ ያማሩ ነበሩ። ሰባተኛው በሕንፃው የኋላ በኩል ያለ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ያለችው፣ ቀለሙ የወየበ ነው፤ እሱ ራሱ “ይህንን እንኳን ለማሳየት ብዬ ነው” አለኝ። አራቱን ቅጂዎች ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማኋቸው። በቀትሩ ቅጂ ላይ ወደ መጨረሻው ገደማ ወንድሜ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማኝ፤ ከእሱ በቀር ምንም የለም። ፈርም አልኩት።